ስትራቶካስተር ወይስ ሌስ ፖል? ከታዋቂ ጊታሪስቶች ምርጫ ገዢ ምን ይማራል?

ኤሌክትሪክ ጊታር ለመግዛት የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያመነታው እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣው የጊብሰን ሌስ ፖል እና በ1954 በተከተለው የፌንደር ስትራቶካስተር መካከል ነው። ሁለቱን ለመመዘን ከኤሪክ ክላፕተን የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል፤ በሁለቱም ስም ያተረፈ ሰው ነውና። በ1966 ከጆን ሜዮል ጋር በሠራው አልበም ሌስ ፖሉን ከማርሻል ማጉያ ጋር አገናኝቶ ወፍራምና ቶሎ የማይከስም ድምፅ አወጣ። በ1970 ደግሞ ናሽቪል ውስጥ ከገዛቸው አሮጌ ስትራቶካስተሮች የሦስቱን ምርጥ ክፍሎች ገጣጥሞ «ብላኪ» ያለውን ጊታር ሠራ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ይበልጥ የጠራና የሳሳ ሆነ።

የልዩነቱ ዋና ምንጭ ፒክአፑ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል ነው። ከ1957 ጀምሮ በሌስ ፖል ላይ የተገጠመው ሀምባከር የተባለ ፒክአፕ ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች ስላሉት እዝታን ያጠፋል፤ የስትራቶካስተር ሦስት ነጠላ ጥቅልሎች ግን የመሬት መስመሩ ባልተስተካከለ ቤት ወይም በፍሎረሰንት መብራት አጠገብ እዝ ይላሉ። የዳየር ስትሬትስ ባንድ ጊታሪስት ማርክ ኖፕፍለር የታወቀበት ድምፅ የሚገኘው ግን ከእነዚሁ ነው፤ የሚሠራውን ፒክአፕ የሚወስነው ማብሪያ፣ መራጩ፣ በሁለት ፒክአፖች መካከል ሲቆም ሀምባከር በቀላሉ የማይሰጠው ድምፅ ይወጣል። የመጀመሪያው መራጭ ሦስት ቦታ ብቻ ስለነበረው ተጫዋቾች በዘዴ መሃል ላይ ያቆሙት ነበር፤ ፋብሪካው አምስት ቦታ ያለውን የገጠመው በ1977 ነው።

በእጅ ሲያዙም ይለያያሉ። የሌስ ፖል የክር ርዝመት 628 ሚሊ ሜትር ያህል፣ የስትራቶካስተር 648 ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ በአንድ ዓይነት ክርና ቅኝት የመጀመሪያው ለጣት ይለሰልሳል። ክብደቱ ግን ብዙ ጊዜ ከ4 ኪሎ ያልፋል፤ ሠርግ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ለሚጫወት ትከሻ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግራኙ ጂሚ ሄንድሪክስ የቀኝ እጅ ስትራቶካስተር ገልብጦ ሲጫወት ላይኞቹ ፍሬቶች (በአንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) ላይ መድረስ የቻለው አካሉ በሁለቱም ወገን የተጎረደ ስለሆነ ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ የተጎረደው ሌስ ፖል ይህን አይፈቅድም።

ዋጋን በተመለከተ፣ በፌንደር ሥር ያለው ስኳየር እና በጊብሰን ሥር ያለው ኤፒፎን ተመሳሳዩን ቅርፅ በብዙ ቅናሽ ያቀርባሉ። በስሙ መቅረት ለሚቆጨው ገዢ፣ ጊታሪስቱ ስላሽ በ1987 የወጣውን የባንዱን የጋንስ ኤንድ ሮዝስ የመጀመሪያ አልበም የቀዳው ጊብሰን ባልሠራው የሌስ ፖል አምሳያ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። እኔ ለጀማሪ ስኳየርን አስቀድማለሁ፤ አንገቱ በብሎን የታሰረ ስለሆነ ቢበላሽ በሌላ ይተካል። ያገለገለ ሌስ ፖል የሚገዛ ግን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የአንገቱን ጀርባ፣ የክር መወጠሪያዎቹ ያሉበት የጊታሩ ራስ ወደ ኋላ በሚያዘነብልበት ቦታ ላይ፣ በብርሃን ይመርምር፤ ጊታሩ ወድቆ ከነበረ ስንጥቁ የሚገኘው እዚያ ነው።