ጣና ላይ ሥዕል ለማየት፦ ከጎርጎራ ነው ወይስ ከባሕር ዳር የሚሻለው?

ሰሞኑን ከጎንደር የሚነሱ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ጣና ሄደን፣ በጀልባ ተሳፍረን፣ የድሮ ሥዕል አይተን በዚያው ቀን ቤታችን መግባት እንችላለን ወይ? ትችላላችሁ። ግን ከየት እንደምትሳፈሩ አስቀድማችሁ ካልወሰናችሁ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል።

ጎርጎራ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ነው። በአዘዞ ወጥታችሁ ቆላ ድባን፣ ከዚያ ጯሂትን አልፋችሁ ውሃው ዳር ናችሁ። ባሕር ዳር ግን ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሄዳችሁ ስትመለሱ መኪና ላይ ብቻ ስድስት ሰዓት ይሄዳል፣ ጀልባው ገና ሳይቆጠር። በሁለቱም በኩል ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ በዚያው ሳምንት የተጓዘ ሰው ጠይቁ። ስለዚህ ለደርሶ መልስ ምርጫዬ ጎርጎራ ነው። ባሕር ዳርን የምመክረው ለማደር ለተዘጋጀ ሰው ነው።

ሥዕሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘባችሁን የምታወጡት ለእሱ ነውና። ጎርጎራ ያለችው ደብረ ሲና ማርያም ሐይቁ አጠገብ ናት፣ ጀልባ እንኳ አያስፈልጋትም። ሥዕሎቿ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው፤ ያሣሏቸው የአፄ ፋሲል እህት መለኮታዊት ናቸው ይባላል። የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ከሰዎቹ ጀርባ ብዙ ነገር አይሣልም፣ የልብሱ እጥፋት በመስመር በመስመር ይወርዳል። ሁለተኛው አሣሣል በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የመጣው ነው። እሱ ላይ ፊቱ ጥላና ብርሃን አለው፣ ጀርባውም ከአረንጓዴ ወደ ቢጫና ቀይ ይሸጋገራል። ይህን ልዩነት ይዛችሁ ከገባችሁ እያንዳንዱ ግድግዳ የሚያናግራችሁ ይመስላል። እኔ ደብረ ሲና ገብቼ ለመውጣት ሁሌም ይከብደኛል።

ከባሕር ዳር ስትነሱ የሚሻለው ዘጌ ነው። አንድ ሰዓት ገደማ በሞተር ጀልባ ትሄዱና ቡና በበቀለበት ጫካ ውስጥ በእግር ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ትወጣላችሁ። ክብ በሆነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቅደሱ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል። ከደብረ ሲና ይልቅ እዚህ ሥዕሉ ይበዛል፣ ታሪኩም ይበዛል። በላዔ ሰብእን ፈልጉት፤ ያን ሁሉ ሰው በልቶ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውሃ የዳነውን። ዘውዶችና የብራና መጻሕፍት የሚታዩበት ሙዚየምም አለው። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ዘጌ ይበልጣል፤ ውሃውም ጫካውም ሥዕሉም በአንድ ቀን ይገኛል።

አሁን ደግሞ ማንም ሳይነግረን ስለከፈልንበት ነገር። አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ክብራን ገብርኤልን ጨምረን ጀልባ ተከራየን። ያከራየን ሰው አክስቴን እያየ ገዳሙ ሴት እንደማያስገባ አልተነፈሰም። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ጀልባው ላይ ፀሐይ እየመታት ጠበቀችን። እስካሁን ያንገበግበኛል። ጎርጎራ አጠገብ ያለው ማንደባ መድኃኔዓለምም፣ ዳጋ እስጢፋኖስም ሴት አያስገቡም። ደብረ ሲናና ኡራ ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው። ሴቶች አብረዋችሁ ካሉ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ዋጋውን ስትነጋገሩ ሒሳቡ በሰው ነው ወይስ በጀልባ፣ ነዳጅ አለበት ወይ፣ ጀልባው ስንት ሰዓት ይጠብቃል፣ ላይፍ ጃኬት ለሁሉም ይደርሳል ወይ በሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚከራየው ሙሉ ጀልባው ነውና አምስት ስድስት ሆናችሁ ብትሄዱ ይቀላችኋል። የቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ለብቻው ነው። በጎርጎራ በኩል ደግሞ በተለይ ከክረምት በኋላ እንቦጩ መውጫውን ዘግቶት እንደሆነ አጣሩ።

ረቡዕና ዓርብ አልመክርም። በጾም ቀን ቅዳሴው ቀትር ላይ ስለሚገባ ሥዕሉን ማየት የምትችሉበት ሰዓት ያጥራል። በሌላ ቀንም በጠዋት ድረሱ፣ ቁልፍ የያዙትን አባት በትሕትና ጠይቁ፣ ካሜራችሁ ብልጭ እንዳይል አድርጉ፤ ብርሃኑ ቀለሙን ይጎዳዋል። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሳል። ቢዘገይ እስከ 8 ሰዓት ውሃውን ጨርሳችሁ ብትወጡ ይሻላል።

ናርጋ ሥላሴን የሚጠይቁኝም አሉ። ደቅ ደሴት ላይ ነው፣ ከባሕር ዳር በጀልባ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከጎንደር በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አይሞከርም። ሴቶችም ይገባሉ። ምንትዋብ ያሠሩት ነው፣ እሳቸውም በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። አክስቴ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ያሠሩበት የጎንደሩ ቁስቋም ሰፈር ልጅ ናት፣ እቴጌዋን እዚያ ሳላይ አልቀርም ብላለች። ለዚህኛው ባሕር ዳር ሁለት ሌሊት እናድራለን፣ ጀልባውንም የምትነጋገረው ራሷ ናት።