እንጨት ሥራ ለምትፈልጉ፣ የጅማውን ጋሼን ልጠቁማችሁ

ጅማ ውስጥ የእንጨት ዕቃ ማሠራት ወይም ሙያውን መማር የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አናጺ አሉ። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ ጋሼ ብዬ ልቀጥል።

በተማሪዎች ልውውጥ ከፊንላንድ የዲዛይን ተማሪዎች መጥተው ነበር። እኔና ጓደኞቼ አብረናቸው መቀመጫ ዲዛይን አድርገን በእጃችን እንድንሠራ ተመደብን። ኮምፒውተር ላይ መሳሉን ሁላችንም እንችላለን። መሮ ይዞ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ጋሼ በራቸውን ከፈቱልን።

የጅማን በርጩማ ታውቁታላችሁ። ባለ ሦስት እግሩ፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው፣ ሚስማርም ኮላም የማያውቀው። ወጣ ገባ መሬት ላይ እንኳ አይንገዳገድም። ጋሼ ለቡና ጥላ ሆኖ ያረጀ የዋንዛ ጉማጅ አመጡና በእርጥቡ አስጀመሩን፤ እርጥብ እንጨት ለመሮ ይለሰልሳል። ቅርጹ ከወጣ በኋላ ግን ፀሐይ አላስነኩትም። «ላዩ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ያኔ ይሰነጠቃል» አሉን። ጥላ ውስጥ ጆንያ አልብሰው አቆዩት። ያንን ሁሉ ጊዜ እጃችንን ይዘው ሲያሳዩን አንዴም ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

እንግዶቹ ደግሞ የአገራቸው ሰው አልቫር አልቶ እ.ኤ.አ. በ1933 ዲዛይን ያደረገውን መቀመጫ በፎቶ አሳዩአቸው። እሱም ሦስት እግር ነው ያለው። እግሩ ግን ለብቻው ተሠርቶ ይገጠማል፦ የበርች እንጨቱን ጫፍ በመጋዝ እየሰነጠቁ፣ ስስ እንጨት በኮላ አስገብተው ያጎብጡታል። ጋሼ ፎቶውን አተኩረው አዩና ወዲያው ቁራጭ እንጨት አንስተው መሞከር ጀመሩ። በዚያ ዕድሜያቸው! ስንት ባለሙያ ነው ከልጆች ለመማር ደስ የሚለው? እኔ ይበልጥ የወደድኳቸው ያኔ ነው።

ሥራቸው ጥንቅቅ ያለ ነው። ዋጋቸውን አስቀድመው በግልጽ ይናገራሉ። በደንብ ባልደረቀ እንጨት ጠረጴዛም ሆነ ቁም ሳጥን አይሠሩም፣ ስለዚህ ለሠርግ ምናምን የምታዘጋጁ ቀደም ብላችሁ እዘዙ። ሙያ የሚወድ ልጅ ያላችሁም ሄዳችሁ አናግሯቸው።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አናግሩኝ።