ራስቤሪ ፓይ 5 ከ8 ወር በኋላ

ስምንት ወር ሆናት። ለጥገናና ለጽዳት ካጠፋኋት ጥቂት ሰዓታት በስተቀር ቀንና ሌሊት ስትሠራ ነው የቆየችው። ስለ ራስቤሪ ፓይ 5 ያነበብኳቸው አብዛኞቹ ግምገማዎች ከካርቶኗ በወጣች በሳምንቱ የተጻፉ ናቸው። ፍጥነቷን ይለካሉ፣ ከፓይ 4 ጋር ያወዳድራሉ፣ ያበቃሉ። እኔን ያስቸገሩኝ ነገሮች ግን በመጀመሪያው ሳምንት አልታዩም። ደግሞ አንዳቸውም ከፕሮሰሰሯ ጋር አይገናኙም። ሁሉም በዙሪያዋ ካሉት ነገሮች የመጡ ናቸው፤ ከቻርጀሩ፣ ከሚሞሪ ካርዱ፣ ከሙቀቱ።

ለማያውቃት፣ ፓይ 5 ማለት 85 በ56 ሚሊሜትር የሆነች፣ መዳፍ ላይ የምታርፍ ሙሉ ኮምፒውተር ናት። ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። የእኔዋ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ናት። ሁለት ሥራ ሰጥቻታለሁ። አንዱ የቤተሰቡን ፎቶና ሰነድ የምታስቀምጥ ሰርቨር መሆን ነው። ሌላው ደግሞ ስክሪንና ኪቦርድ ሰክቼ የምጽፍባት የዘወትር ኮምፒውተር መሆን ነው።

ስለ ፍጥነቷ ብዙ አልልም፤ በቂ ናት። አራት ኮር (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍል) አላት፣ እያንዳንዱ በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣችው የመጀመሪያዋ ፓይ አንድ ኮር፣ 700 ሜጋኸርዝና 256 ሜጋባይት ራም ነበር ያላት። በዛሬዋ አሥር የብራውዘር ገጽ ከፍቼ፣ ከጎኑ ረጅም ሰነድ እየጻፍኩ፣ ከኋላ ደግሞ ፎቶ እየተገለበጠ ስታክ አድርጋብኝ አታውቅም።

ቦርዷን አገላብጬ ማየት እወዳለሁ። የስንት ድርጅት እጅ እንዳለባት ሳስብ ይገርመኛል። የኮሮቹን ንድፍ ያወጣው የእንግሊዙ አርም ነው። ብሮድኮም ያንን ንድፍ ከግራፊክሱ ጋር አጣምሮ አንድ ቺፕ አደረገው። ቺፑን በ16 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ ያመረተው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ነው። አጠገቡ ያለችውን አርፒ1 የምትባል ቺፕ ደግሞ ራሱ ራስቤሪ ፓይ ነው የነደፋት። የዩኤስቢውን፣ የኔትወርክ ኬብሉንና የካሜራውን ሥራ የምታስተናግደው እሷ ናት። ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ቦርድ የሚሆነው ዌልስ ባለው የሶኒ ፋብሪካ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ችግሩ ልግባ። የመጀመሪያው ቻርጀር ነበር።

በእጄ ላይ ባለ 65 ዋት የላፕቶፕ ቻርጀር ነበረኝ። ለፓይዋ የሚመከረው ባለ 27 ዋት ቻርጀር ነው። ከበቂም በላይ ነው ብዬ ሰካሁት። ተነሳች፣ ሠራች። ችግሩ የመጣው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሰክቼ ፎቶ መገልበጥ ስጀምር ነው። ዲስኩ ጥቂት ይሄድና ጭል የምትለው መብራቱ ጠፍታ ይቋረጣል። ነቅዬ ስሰካው ይመለሳል፣ ከዚያ ደግሞ ይቋረጣል። ዲስኩ ሊሞት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ኬብል ቀየርኩ። ሌላ ዩኤስቢ ላይ ሞከርኩ። ሁለት ሳምንት እንደዚህ ሄደ።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ቻርጀር ላይ የተጻፈው ዋት ብቻውን ብዙ አይናገርም። 65 ዋት የሚሰጠው በ20 ቮልት ሲሆን ነው። ፓይ 5 የምትሠራው በ5 ቮልት ነው፤ አብዛኞቹ ቻርጀሮች በ5 ቮልት ከ3 አምፔር በላይ አይሰጡም። ያ ደግሞ 15 ዋት ነው። እሷ የምትጠይቀው 5 ቮልት በ5 አምፔር ነው። 5 አምፔር እንደማይመጣላት ስታውቅ ራሷን ለመጠበቅ ዩኤስቢ ላይ ለሚሰኩት ነገሮች ሁሉ በድምሩ 600 ሚሊአምፔር ብቻ ትሰጣለች። በትክክለኛው ቻርጀር ግን 1.6 አምፔር ትሰጣለች። የእኔ ሃርድ ዲስክ በ600 ሚሊአምፔር እንዴት ይሽከርከር? ማስጠንቀቂያውንም ስትነሳ ስክሪኑ ላይ ትጽፈው ነበር፤ እኔ ነኝ ሳላነብ ያለፍኩት። ለእሷ ተብሎ የተሠራውን ባለ 27 ዋት ቻርጀር ካስገባሁ ወዲህ ዲስኩ አንድ ቀን ተቋርጦ አያውቅም።

ስለ ኃይል ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። የመጀመሪያው የአርም ቺፕ እ.ኤ.አ. በ1985 ከፋብሪካ ሲመጣ ከነዳፊዎቹ አንዱ የሆኑት ስቲቭ ፈርበር ምን ያህል ኃይል እንደሚጠቀም ለመለካት አምፔር መለኪያ አገናኙበት። መለኪያው ዜሮ አለ። ቺፑ ግን እየሠራ ነው። ለካስ የኃይል መስመሩ ጭራሽ አልተገናኘም ነበር፤ ቺፑ የሚሠራው በዙሪያው ካሉት ሰርኪዩቶች በሚያመልጠው ኃይል ነበር። ዛሬም ፓይዋ ሥራ ፈታ ስትቀመጥ መለኪያዬ ላይ የማየው ከ3 እስከ 4 ዋት ነው። ቀንና ሌሊት ሳላጠፋት የምተዋት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር በሦስተኛው ወር መጣ፤ ሚሞሪ ካርዱ ሞተ። የሞተበት መንገድ ግን ከዚህ በፊት ያላየሁት ነው። አንድ ቀን "ሙከራ" የሚል ፋይል አጠፋሁ። ጠፋ። ሪስታርት አድርጌ ስመለስ እዚያው ቦታው ላይ አለ። ደግሜ አጠፋሁት፣ ደግሞ ተመለሰ። አዲስ ሰነድ ጻፍኩና ሴቭ አደረግኩ፤ ያለ ምንም ስህተት ተቀበለኝ። ሪስታርት ሳደርግ ሰነዱ የለም። ካርዱ መጻፍ አቁሟል፣ ግን አልናገርም ብሏል። ፎርማት ለማድረግ ብሞክርም ያው ነው፤ ተሳካ ይለኛል፣ ነቅዬ ስሰካው የድሮው ፋይል ሁሉ እንዳለ ነው።

ካርዱ የተሠራበት ፍላሽ ሚሞሪ መረጃ የሚይዘው ጥቃቅን ሴሎች ውስጥ ኤሌክትሮኖችን በማሰር ነው። በጻፍንና በደመሰስን ቁጥር የሴሉ መከለያ ስስ ሽፋን ትንሽ ትንሽ ይጎዳል። በዚያ ላይ የተጻፈበትን ቦታ እንደገና ለመጠቀም ሙሉ ብሎክ፣ ማለትም የብዙ ሴሎች ስብስብ፣ መደምሰስ አለበት። ካሜራ ውስጥ ያለ ካርድ ፎቶ ሲነሳ ብቻ ስለሚጻፍበት ይህ ብዙም አይጎዳውም። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለበት ካርድ ላይ ግን እኔ ተኝቼም በየደቂቃው ሎግ (የሲስተሙ የሥራ መዝገብ) ይጻፍበታል። ካርዱ የተጎዳውን የሚተካበት ጤነኛ ብሎክ ሲያልቅበት ብዙውን ጊዜ ራሱን ይቆልፋል፤ ያለው ይነበባል፣ አዲስ አይገባም።

ፎቶዎቹ ሃርድ ዲስኩ ላይ ስለነበሩ ተረፉ። ሰርቨሩን ያስተካከልኩበት ሥራ ግን ባክአፕ ስላልነበረው እንደገና መሥራቱ ሁለት ሙሉ ቀን ወሰደብኝ።

ከዚያ ወዲህ ፓይዋ የምትነሳው ከኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር ከሌለው ፈጣን ዲስክ ነው። ፓይ 5 ለዚህ የሚሆን ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባል ፈጣን የመረጃ መስመር አላት፤ ኤስኤስዲውን የሚሸከም ትንሽ ተጨማሪ ቦርድ ያስፈልጋል። ሁለቱ የሚገናኙት እንደ ወረቀት ስስ በሆነች ጠፍጣፋ ኬብል ነው። መጀመሪያ ስሰካት ትንሽ ጠመም ብላ ስለገባች ኤስኤስዲው ጭራሽ አልታየም። መቆለፊያዋን በጥፍር ቀስ ብሎ ማንሳት፣ ኬብሏን ቀጥ አድርጎ እስከ መጨረሻው ማስገባት፣ ከዚያ ሁለቱንም ጫፍ እኩል መጫን ነው። ልዩነቱን ለማየት መለኪያ አላስፈለገኝም። ካርዱ ቢበዛ በሰከንድ 90 ሜጋባይት አካባቢ ነበር የሚያነበው፤ ኤስኤስዲው ከ400 በላይ ነው። ብራውዘሩ ስነካው ይከፈታል። ዛሬ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ ከመጀመሪያው ቀን በኤስኤስዲ ጀምር ነው የምለው።

ስለ ሙቀት፣ ማቀዝቀዣ ሳልገጥምላት ሁለት ቀን ሞክሬያታለሁ። የቪዲዮ ፎርማት ስቀይርባት 80 ዲግሪ አለፈችና ራሷ ፍጥነቷን መቀነስ ጀመረች። አትቃጠልም፣ ግን የተገዛችበት ፍጥነት አይገኝም። ፋን ያለውን የአልሙኒየም ማቀዝቀዣ ከገጠምኩላት በኋላ በዚያው ሥራ ላይ 65 ዲግሪ አካባቢ ነው የምትውለው። ፋኑ የሚነሳው ስትሞቅ ብቻ ስለሆነ አብዛኛውን ቀን ድምፅ የላትም። በስድስተኛው ወር ድምፁ ተቀየረ፣ ሻከረ። አጥፍቼ ስከፍተው የአልሙኒየሙ ክንፎች መሀል አቧራ እንደ ጥጥ ተጠቅጥቋል። ፋኑን በጣቴ ይዤ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግኩት፤ ድምፁ ተመለሰ። አሁን በየሁለት ወሩ አደርገዋለሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ አንዳንድ ነገር አለ። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የላትም፤ እኔ በብሉቱዝ ነው የምሰማው። የስክሪን መስመሮቿ ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ስለሆኑ የተለመደው ኬብል አይገባም። ሄቭክ (HEVC) በሚባለው አዲሱ ፎርማት የተቀረጹ ቪዲዮዎችን ለዚያ በተሠራ ሃርድዌር ታጫውታለች፤ በተለመደው ኤች.264 ፎርማት ያሉትን ግን ፕሮሰሰሩ ነው የሚሸከማቸው፣ እስከ 1080 ጥራት ድረስ ችግር አላየሁም። ቪዲዮ ኤዲት ለሚያደርግ ወይም ከባድ ጌም ለሚጫወት ሰው ግን አልመክራትም። ሰርቨር ለሚፈልግ፣ ሊኑክስና ፕሮግራሚንግ ለሚማር፣ ለሚጽፍና ለሚያነብ ሰው ያለ ማመንታት እመክራታለሁ፤ ቻርጀሩንና ማቀዝቀዣውን አብሮ እስከገዛ ድረስ።

አሁን የቀረኝ የሰዓቷ ባትሪ ነው። ፓይ 5 የራሷ ሰዓት አላት፣ ግን ትንሿን ባትሪ ለብቻ መግዛት ያስፈልጋል። ባለፈው ኃይል ተቋርጦ ስትነሳ የኔትወርክ ኬብሉ ወልቆ ነበርና ሰዓቷን የምታስተካክልበት አጣች። የዚያ ሌሊት ባክአፕ በተሳሳተ ቀን ተመዘገበ። ባትሪውን አዝዣለሁ፤ የሚሰካበት ቦታ ከዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳው ብዙ አይርቅም።