የ90 ሚሊዮን ዶላሩ ሥዕል ኅትመት ወይስ የሰፈራችን ሠዓሊ ኦሪጅናል? ለሳሎናችሁ የቱ ይሻላል?

ታናሽ እህቴና ባለቤቷ አራት ኪሎ አካባቢ አዲስ ቤት ገቡ። ሶፋው ገብቷል፣ መጋረጃው ተሰቅሏል። ከሶፋው በላይ ያለው ግድግዳ ግን ባዶ ነው። አንድ ማታ በቴሌግራም የመዋኛ ገንዳ ሥዕል ላከችልኝ። «ይሄን በትልቁ አትመው ፍሬም ገጥመው የሚሸጡ አሉ። ወይስ በዚያው ብር ትንሽም ቢሆን ኦሪጅናል ብንገዛ ይሻላል? አንተ ንገረኝ» አለችኝ።

የላከችው የእንግሊዛዊውን ዴቪድ ሆክኒን ሥዕል ነው። ይህ ሥዕል እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን ምርጫዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ላያቸው ወሰንኩ። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሆክኒ። ሥዕሉ የ1972 ሥራ ነው። አንድ ሰው በውሃ ውስጥ ይዋኛል፣ ሌላው ሮዝ ጃኬት ለብሶ ገንዳው ዳር ቆሞ ቁልቁል ያየዋል። ሸራው ትልቅ ነው፣ ወደ ጎን ሦስት ሜትር ያህል ይሆናል። በኖቬምበር 2018 ኒውዮርክ ውስጥ ክሪስቲስ በተባለው የጨረታ ቤት በ90.3 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ በሕይወት ያለ ሠዓሊም ሆነ ቀራፂ ሥራው በጨረታ ይህን ያህል አውጥቶ አያውቅም። ከስድስት ወር በኋላ የአሜሪካዊው ቀራፂ የጄፍ ኩንስ ጥንቸል በ91.1 ሚሊዮን ዶላር አለፈው። እሱ ግን ከብረት የተሠራ ቅርፅ ነው።

እዚህ ላይ ገዢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የጨረታው መዶሻ የወደቀው፣ ማለትም ፉክክሩ ያበቃው፣ በ80 ሚሊዮን ዶላር ላይ ነበር። ቀሪው ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነው ገንዘብ ገዢው ለጨረታው ቤት የከፈለው ነው። ሆክኒስ ስንት አገኘ? ምንም። ሥዕሉ መጀመሪያ የተሸጠው በ18,000 ዶላር ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ የገዛው ሰው በ50,000 ዶላር ለሌላ ሸጠው። ከዚያ በኋላ ያተረፈው ሁሉ ባለቤቱ እንጂ ሠዓሊው አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሥዕል በድጋሚ ሲሸጥ ለሠዓሊው ድርሻ የሚያስገኝ ሕግ የለም። እንግሊዝ አገር አለ፣ እሱም ቢሆን በአንድ ሽያጭ ከ12,500 ፓውንድ አይበልጥም።

ይህን ለእህቴ ስነግራት ዝም አለች። እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንደዚያው ሆኜ ነበር። የጨረታ ዋጋ ትልቅ ሲሆን ሠዓሊው ሀብታም የሆነ ይመስለናል። ዋጋው ግን የሚነግረን ሁለት ገንዘብ ያላቸው ሰዎች አንዲት ሥዕል ለማግኘት እስከ የት እንደተፎካከሩ ነው።

ቀጥሎ ጀርመናዊው ጌርሃርድ ሪሽተር። በ2015 አንድ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕሉ ለንደን ውስጥ በሶዝቢስ የጨረታ ቤት 46.3 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ሪሽተር ወፍራም ቀለም ሸራው ላይ ያደርግና በረጅም መፋቂያ ይጎትተዋል። ከሥር ያለው ቀለም በየቦታው ብቅ ይላል። ስለ እሱ የምወደው የገዢ ታሪክ የጊታሪስቱ የኤሪክ ክላፕተን ነው። ክላፕተን በ2001 ሦስት የሪሽተር ሥዕሎችን በአንድነት በ3.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ከዓመታት በኋላ በ2012 ከሦስቱ አንዱን ብቻ በ34 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ግን ሥዕሉ እሱ ጋ ነበር።

ለገዢ የሚጠቅመው የሁለቱ ልዩነት ይሄ ነው። የሆክኒ ገንዳ ጠፍጣፋ ቀለም ነው። ወረቀት ላይ ሲታተም ብዙ ነገሩ ይተርፋል። የሪሽተር ሥዕል ግን ቀለሙ እንደ ግድግዳ ልስን አካል አለው። በኅትመት ያ ሁሉ ይሞታል። የታዋቂ ሥዕል ኅትመት ለመግዛት ካሰባችሁ መጀመሪያ ጠይቁ፦ ይህ ሥዕል ውበቱ በምስሉ ነው ወይስ በቀለሙ ውፍረት? በውፍረቱ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። የአሜሪካዊው ኤድ ሩሼ የነዳጅ ማደያ ሥዕል በ2024 በ68.3 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። የጃስፐር ጆንስ አንድ ሥዕል በ2022 ከ55 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። የፒተር ዶይግ ታንኳ በ2021 ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ሁሉም ወንዶች ናቸው። በሕይወት ካሉ ሴት ሠዓሊዎች ትልቁን ዋጋ በ2025 ያገኘችው ደቡብ አፍሪካ የተወለደችው ማርሊን ዱማስ ናት። 13.6 ሚሊዮን ዶላር። የሆክኒ ዋጋ የእሷን ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ይህ ክፍተት በሥራ ጥራት የመጣ ነው ብላችሁ እንዳታምኑ።

አሁን ወደ ልቤ ሰው ልምጣ። ጁሊ ምሕረቱ አዲስ አበባ ውስጥ በ1970 ተወለደች። በ1977 ቤተሰቧ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በኦክቶበር 2023 ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ ሥዕሏ 9.3 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። በወሩ ኒውዮርክ ላይ ሌላው 10.7 ሚሊዮን ዶላር ገባ። በዚያን ጊዜ አፍሪካ ውስጥ የተወለደ ሠዓሊ በጨረታ ካገኘው ሁሉ የሚበልጥ ነበር።

ምሕረቱ የሕንፃ ንድፎችን በስሱ ትስላለች። በላያቸው ቀለም፣ በቀለሙ ላይ ደግሞ ጥቁር የቀለም ጭረት ትደራርባለች። በ2012 የሠራችው «ሞጋማ» የተባለው ተከታታይ ሥራ ዋና መነሻው የካይሮው ታህሪር አደባባይ ነው። ከንድፎቹ መካከል ግን የእኛው መስቀል አደባባይም አለበት። ለንደን ቴት ሙዚየም ቆሞ ያንን ሸራ የሚያይ ፈረንጅ፣ እኛ በየቀኑ የምንሻገረውን ደረጃ እያየ ነው ማለት ነው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። በ2016 ደግሞ ሥራዎቿን ይዛ መጥታ አምስት ኪሎ አካባቢ በሚገኘው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አሳይታለች።

የእሷን ሥራ በትንሽ ኅትመት ለመስቀል ለምታስቡ ግን መልሴ አይሆንም ነው። ጭረቶቹ ሲያንሱ ዝም ብለው ጭጋግ ይሆናሉ። ትልቅነቱ የሥዕሉ ግማሽ አካል ነው።

ኅትመት ሲባል ሁለት ነገር አለ፣ አታምታቱት። አንደኛው ሠዓሊው ራሱ ተቆጣጥሮት በቁጥር ተወስኖ የሚታተም ነው። ሆክኒ በ2011 በአይፓድ የሣላቸው የጸደይ ሥዕሎች ለምሳሌ አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው በ25 ቅጂ ነው የወጡት። እንዲህ ያለው ኅትመት ከታች በእርሳስ ቁጥርና ፊርማ ይኖረዋል። 7/25 ካለ ከሃያ አምስቱ ሰባተኛው ነው። ራሱን የቻለ የጥበብ ሥራ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። ሁለተኛው ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ በፕላስቲክ ሸራ ላይ የታተመ ነው። ይሄኛው ጌጥ ነው እንጂ ሌላ ዋጋ የለውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፒያሳ አንድ ሱቅ «ኦሪጅናል ኅትመት ነው» ብለውኝ ገዝቼ ነበር። ሁለት ክረምት ሳይሞላው ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ተቀየረ። ፊርማውም አብሮ የታተመ ነበር። ከፊት ለፊቴ እያለ ሳላየው ቀረሁ።

በሌላ በኩል የአዲስ አበባ ኦሪጅናል አለ። እዚህ ሥዕል በአብዛኛው የሚገዛው ከጋለሪ ወይም ከሠዓሊው ስቱዲዮ ነው። ከስቱዲዮ ስትገዙ ገንዘቡ በሙሉ ለሠዓሊው ነው። የጋለሪው ጥቅም ደግሞ መርጦ ያቀርብላችኋል፣ የሥዕሉን ማረጋገጫ ወረቀትም ይሰጣችኋል። ለድካሙ ከዋጋው ድርሻ ይወስዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው ግን ከሁሉም በላይ የምመክረው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ዐውደ ርእይ ነው። ልጆቹ ከሥራቸው አጠገብ ቆመው ይጠብቋችኋል። ለምን እንደሣሉት ጠይቋቸው፣ ያስረዷችኋል። እኔ እንዲህ የገዛኋት ትንሽ ሥዕል ከያዝኩት ስልክ ዋጋ በታች ነበረች።

ትልልቆቹ ስሞችም የመጡት ከዚያው ነው። የገበያ ሴቶችን እንደ ምሰሶ አቁሞ የሚስለው ታደሰ መስፍን ለረጅም ዓመታት እዚያ አስተምሯል። በ2024 ኢትዮጵያ ጣሊያን ውስጥ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የጥበብ ዐውደ ርእይ፣ በቬኒስ ቢየናሌ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ ማሳያ (ፓቪሊዮን) ሲኖራት የወከላት ተስፋዬ ኡርጌሳም እዚያው የተማረ ነው። የእነሱ ዋጋ ዛሬ ከደመወዝተኛ አቅም በላይ ነው። የተማሪ ሥራ የሚገዛ ሰው ግን እንደነሱ ይሆንልኛል ብሎ አይግዛ። ከብዙ መቶ ተመራቂ ወደ ጨረታ የሚደርሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ጠዋት ከእንቅልፋችሁ ስትነሡ ልታዩት የምትፈልጉትን ግዙ።

ስትገዙ ሥዕሉን ገልብጡት። ሠዓሊው ስሙን፣ ዓመቱንና የሥራውን ርእስ ከጀርባው ይጻፍበት። ምን ዓይነት ቀለም እንደተጠቀመ ጠይቁና ደረሰኙ ላይ አስፍሩት። ከሠዓሊው ጋር ሥዕሉን ይዛችሁ ፎቶ ተነሡ፣ ነገ ማስረጃ ይሆናል። ሸራው በጣት ሲነካ ከረገበ ከመስቀላችሁ በፊት ይወጠር። ወረቀት ላይ የተሠራ ከሆነ መስታወት ያስፈልገዋል። በተለይ ቤታችሁ ቡና በተፈላ ቁጥር ዕጣን የሚጨስበት ከሆነ።

ለእህቴ የመለስኩላት ይሄን ነው፦ ሆክኒን በስልክሽ እይው፣ በነፃ ነው። ለግድግዳሽ ኦሪጅናል ግዢ። ባለቤቷ ትንሽ አንገራገረ፤ ትልቅ ነገር ነበር የፈለገው። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሠዓሊ ጋ ሄደው ሃምሳ ሴንቲሜትር የምታህል የዘይት ቀለም ሥዕል ይዘው መጡ። ዝናብ የመታው የታክሲ መስኮት ነው። ልጅቷ ከጀርባው በእርሳስ የሁለቱንም ስም ጽፋላቸዋለች።

ከሶፋው በላይ ሊሰቅሉት ሲሉ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ መሆኑን አየን። ስለዚህ መግቢያው ኮሪደር ላይ ሰቀልነው። የሶፋው ግድግዳ አሁንም ባዶ ነው።