ቤዙ ቦታ ለቀቀ፣ እንጀራውም ተጫነ

ጂፕ ራንግለር የነዳ ያውቀዋል። አንዳንዱ ላይ የኋላውን በር ስትከፍቱ ቀኝ ጥግ ላይ የተወሸቀ ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን አለ። ፋብሪካው ራሱ የገጠመው ሳብዉፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር ነው፤ ሁላችንም «ቤዝ» ስለምንለው እኔም እዚህ ቤዝ እያልኩ ልቀጥል። የኔ መኪና ባለ አራት በር ነው፣ በፈረንጅ 2012 የተሠራ፣ ሰባት የኢንፊኒቲ ስፒከር ያለው። ከሦስት ወር በፊት ያንን ቤዝ ከጥጉ አስነስቼ ሌላ ቦታ አስገጠምኩት። ለዚህ ሥራ ሁለት ሱቅ ገብቻለሁ። አንዱ አበላሸብኝ፣ ሁለተኛው ግን ቁጭ ብዬ እንድጽፍለት የሚያደርግ ሥራ ሠራልኝ።

ለምን አስነሳኸው ካላችሁኝ፣ ለእንጀራ ብዬ ነው።

ባለቤቴ እዚህ ቨርጂኒያ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች ታስረክባለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አድራሹ እኔ ነኝ። ከአሌክሳንድሪያ እነሳለሁ፣ ስካይላይን ያሉትን ሱቆች አዳርሳለሁ፣ ከዚያ ቤልትዌዩን ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ። እንጀራ ደግሞ እንደ ዳቦ እንደፈለጉ የሚጫን ነገር አይደለም። ከታጠፈ ሊሰነጠቅ ይችላል። ካዘመመ ወደ አንድ ወገን ይንሸራተትና ይጨማደዳል። ላዩ ላይ ዕቃ ከተጫነበት ዓይኑ ይጠፋል፣ ዓይኑ የጠፋ እንጀራ ደግሞ የትኛዋም ባለ ሱቅ አትቀበልም፣ እውነቷን ነው። ስለዚህ 50 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ሳጥኖች ገዛን። የኛ ምጣድ እንጀራ 40 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ተዘርግቶ ይተኛባቸዋል።

ወለሉ ላይ አራት ሳጥን መዘርጋት አለበት፣ በላያቸው ሌላ አራት። በሩ ጋ የሚቀመጠው የቀኙ ሳጥን ግን ከቤዙ ጋር ይጋጫል። አንድ ጥግ በመያዙ ብቻ ሁለት ሳጥን ይቀርብኛል፣ የታችኛውም የላይኛውም። እነዚያን ሁለት ሳጥኖች የፊት ወንበር ላይ በቀበቶ አስሬ ስሄድ ከረምኩ። አንድ ቅዳሜ 395 አውራ ጎዳና ላይ ከፊቴ ያለው መኪና ድንገት ሲቆም ፍሬን ያዝኩ፣ ሙሉ ሳጥን እንጀራ እግር ማሳረፊያው ላይ ተገለበጠ። ሌሊቱን ሙሉ የተጋገረ እንጀራ ነው። ለባለቤቴ ደውዬ ስነግራት ዝም አለች፣ ያ ዝምታ ከቁጣ ይከብዳል። ያን ቀን ወሰንኩ።

«ታዲያ አውጥተህ አትጥለውም?» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ሞክሬዋለሁ። ሶኬቱን ነቅዬ አንድ ሳምንት ነዳሁ። ሙዚቃው ከሳብኝ። የድሮ ኦርኬስትራ ነው የምሰማው፣ ቤዝ ጊታሩ ከሥር ከሥር ሲራመድ ካልተሰማኝ ዘፈኑ ግማሽ ይሆንብኛል። መዝሙርም ቢሆን ከበሮው ከሌለበት ምን አለው? ክሩስኮቱ ላይና ከጭንቅላት በላይ ያሉት ስፒከሮች ትንንሾች ናቸው፣ ያን ዝቅ ያለ ድምፅ ማውጣት አይችሉም። ቅዳሜ አምስት ሰዓት ያህል መኪና ውስጥ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው ሱቅ 150 ዶላር ብሎ በሁለት ሰዓት ጨረሰው። ፍጥነቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ያደረገው ነገር ቢኖር ስፒከሩን ከሳጥኑ ፈልቅቆ አወጣ፣ አንድ ሳንቃ ላይ በብሎን አሰረው፣ ሳንቃውን ከቀኙ ጎማ ማቀፊያ በላይ ለጠፈው። ከኋላው ክፍት ነው። መኪናውን አስነስቼ ሙዚቃ ስከፍት ስፒከሩ በዓይኔ እያየሁት ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ግን የለም። የተቃጠለ መሰለኝ።

አልተቃጠለም። በኋላ ነው የተረዳሁት። ስፒከር ወደ ፊት አየር ሲገፋ በዚያው ቅጽበት ከኋላው አየር ይስባል። የፊቱና የኋላው ድምፅ ከተገናኙ ይጠፋፋሉ፣ በተለይ ወፍራሙ ድምፅ። ሳጥኑ የተሠራው ሁለቱ እንዳይገናኙ ነው። ስለዚህ ቤዝ ማለት ስፒከሩ ብቻ አይደለም፣ ሳጥኑም ጭምር ነው። ሳጥኑን የጣለ ሰው ቤዙን ጥሏል። ድምፅ እሠራለሁ ብሎ ሱቅ የከፈተ ሰው ይህን አለማወቁ እስካሁን ያናድደኛል።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ሳንቃው የኋላ ወንበሩን የቀኝ ቀበቶ ይይዘዋል። ልጄ ስትስበው ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። እዚያ ወንበር ላይ የምትቀመጠው የዘጠኝ ዓመት ልጄ ናት! የተቀጠለውን ሽቦ ገልጬ ሳየው ደግሞ በእጅ ተጠምዞ ናስትሮ ተጠቅልሎበታል፣ በቃ። ተመልሼ ሄጄ ስናገር «መኪናህ አሮጌ ነው» አሉኝ። ገንዘቤን አልመለሱም፣ እኔም ለመጨቃጨቅ ጊዜ አልነበረኝም።

ሁለተኛውን ሱቅ የጠቆመኝ አንድ የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ ነው። ከአንድ ጎሚስታ ጀርባ ያለ፣ ሁለት መኪና ብቻ የሚያስገባ ጋራዥ ነው። ልጁ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ቴፕ እየገጠመ ያደገ ነው። ከዕድሜው በላይ የተረጋጋ ልጅ ነው። ቤዙን እያሳየሁ የሆነብኝን መዘርዘር ስጀምር በትሕትና አቋረጠኝ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ የሚጭኑትን ዕቃ ያሳዩኝ። የድምፁን በኋላ እናወራለን።»

ሳጥኖቹን አላመጣኋቸውም ነበር። «እንግዲያው ነገ ይዘዋቸው ይምጡ» ብሎ መለሰኝ። በማግስቱ ስምንቱንም ይዤ ሄድኩ። አንድ በአንድ ጫናቸው፣ በሩን ዘጋ፣ ከፈተ፣ በጠመኔ ወለሉ ላይ መስመር አሰመረ። ከዚያ «ከዚህ መስመር በታች ምንም ነገር አይኖርም» አለኝ። እኔ በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው የተማረክሁት። ስለ ዋት ያላወራኝ የመጀመሪያው የድምፅ ባለሙያ ነው።

ሁለት አማራጭ ሰጠኝ። አንደኛው የፋብሪካውን ቤዝ ትቶ ከወንበር ሥር የሚገባ ስስ ቤዝ መግዛት ነው። ኪከር ሃይዳዌይ የሚባለውን አሳየኝ፣ 8 ኢንች፣ 150 ዋት፣ አምፕሊፋየሩ እዚያው ውስጥ ያለ፣ ቁመቱ 8 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ቆንጆ ዕቃ ነው፣ አልዋሽም፣ ልቤ ሄዶ ነበር። ነገር ግን አዲስ የኤሌክትሪክ ገመድ ከባትሪው ድረስ መሳብ አለበት፣ ባትሪው አጠገብም ፊውዝ ያስፈልገዋል። ከፊት ወንበር ሥር ደግሞ የኤርባግና ሰው መቀመጡን የሚያውቀው መሣሪያ ሽቦዎች አሉ። ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባግ ነው፣ ባትሪው ተነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ እጅ አይገባበትም። በዚያ ላይ እኔ ክረምት ሲያልፍ ጣሪያውን የማነሳ ሰው ነኝ፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃው የሚወርደው ወለሉ ላይ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ውዱን ሊሸጥልኝ ሲችል።

ሁለተኛው አማራጭ የራሴን ስፒከር ይዞ አዲስ ሳጥን መሥራት ነው፣ ከጎማው ማቀፊያ በላይ ከመስኮቱ በታች ባለው ክፍተት ልክ። ይህን መረጥኩ።

አሠራሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገንዘቤ የሄደው እዚህ ነው። መጀመሪያ የድሮውን ሳጥን በላስቲክ አልብሶ ሩዝ ሞላበት። አዎ፣ ሩዝ። ከዚያ ሩዙን በሊትር እየሰፈረ ቆጠረው፣ ከ13 ሊትር ትንሽ አለፈ። አዲሱ ሳጥን ቅርጹ ምንም ይሁን ምን በውስጡ ያንኑ ያህል አየር መያዝ አለበት፣ አለዚያ ስፒከሩ የለመደውን ድምፅ አያወጣም። ቀጥሎ በካርቶን ቅርጹን ቆርጦ መኪናው ውስጥ ሞከረው፣ ቀበቶውን ደጋግሞ ሳበ፣ ወንበሩን አጠፈ፣ መለሰ። ካርቶኑን ሦስት ጊዜ ቀየረው። ከዚያ ነው 19 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ሳንቃ የቆረጠው። ኤምዲኤፍ ውሃ ሲነካው እንደ ድፎ ዳቦ ያብጣል፣ ስለዚህ ከውስጥም ከውጭም የፒካፕ መኪና መጫኛ የሚቀባውን ሻካራ ጥቁር ቀለም ቀባው።

አሳሰሩ ደግሞ ልብ የሚያሳርፍ ነው። መኪናው ላይ አንድም አዲስ ቀዳዳ አልበሳም። ቀድሞ በነበሩት የብሎን ቀዳዳዎችና በብረቱ ምሰሶ ላይ በላሜራ ማቀፊያ አሰረው። ያልታሰረ ሳጥን በግጭት ጊዜ ወደ ፊት የሚወረወር ድንጋይ ነው፣ ከፊቱ የተቀመጠችው ደግሞ ልጄ ናት፣ ስለዚህ ሲጨርስ ሁለት እጄን ይዤ በሙሉ ጉልበቴ ነቀነቅሁት። መኪናው ተወዛወዘ እንጂ ሳጥኑ አልተነቃነቀም።

ሽቦውን በሙሉ በየደው፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አለበሰው። ከዚያ አንዲት ትንሽ የእጅ ባትሪ ድንጋይ አምጥቶ የስፒከሩን ሽቦ ጫፎች ነካ ነካ አደረገባት። ስፒከሩ ወደ ውጭ ብቅ ካለ አዎንታዊውና አሉታዊው ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል ማለት ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። ከተገለበጠ ቤዙና ሌሎቹ ስፒከሮች እርስ በርስ ይቃረናሉ፣ ድምፁም ይሳሳል። የመጀመሪያው ሱቅ ይህንንም ገልብጦት ነበር፣ ልጁ ምንም አላለም፣ ዝም ብሎ አስተካከለው።

ድምፁስ? ከበፊቱ አልቀነሰም። እንዲያውም ስፒከሩ ወደ ጆሮ ስለቀረበ ትንሽ ጎላ ብሎብኝ ከቴፑ ላይ ቤዙን ሁለት ነጥብ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ቦታው ተቀይሮ ድምፁ ከአንድ ጎን የሚመጣ ይመስላል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አይመስልም። ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ጆሯችን በደንብ አይለየውም፣ ቤዝ ማዘዋወር የሚቻለውም በዚህ ነው። የጣቱ ጫፍ ገመዱን ሲነካ እስኪሰማ ድረስ ቤዝ ጊታሩ ተመልሷል። የመጀመሪያውን ቀን ቤት ደርሼ እንኳ ከመኪናው አልወረድኩም።

ደስ ያላለኝም አለ፣ ልናገር። አንድ ቀን ያለው ሥራ ሁለት ቀን ተኩል ፈጀ፣ ስልክ ደግሞ አያነሳም፣ ሄዳችሁ ነው የምታገኙት። በቀኝ በኩል ባለው የኋላ መስኮት የማየው ነገር ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል ቀንሷል፣ መስመር ስቀይር አንገቴን ይበልጥ መጠምዘዝ ለምጃለሁ። ልጄም «ጀርባዬ ላይ ይደልቃል» ትላለች፣ እሷ ስትኖር ዝቅ አደርገዋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት የጠንካራው ጣሪያ አንድ ማሰሪያ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ወስጄ ሳሳየው በነፃ ጎማ አስገባበት።

የከፈልኩት 420 ዶላር ነው፣ ሳጥኑም እጁም አንድ ላይ። የመጀመሪያው 150 ተጨምሮበት ስታስቡት ያማል። ግን ቅዳሜ ጠዋት ስምንቱም ሳጥን ተደርድሮ በሩ «ጠቅ» ብሎ ሲዘጋ ባለቤቴ ዞር ብላ «ከፊት የሚሄድ የለም?» አለች። የለም አልኳት። ቡናዋን በፔርሙስ ይዛ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያን ቀን ወዲህ አብረን ነው የምናደርሰው።

የእናንተ መኪና ቤዝ ትርፍ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ወይም ከግድግዳው ሽፋን ጀርባ ከሆነ አትነካኩት፣ ቦታ አይወስድባችሁም። እንደኔ ወለል ላይ ከተቀመጠ ግን የምትጭኑትን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱና ሠሪው መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቃችሁ አዳምጡ። የድሮውን የፕላስቲክ ሳጥን ደግሞ አትጣሉት። ልጁ መኪናውን የምሸጥ ቀን ሁሉንም ወደ ቦታው እንደሚመልስልኝ ነግሮኛል፣ ሶኬቱንም ሳይቆርጥ ነው የተወው። ሳጥኑ አሁን ቤዝመንት ውስጥ ነው፣ ባለቤቴ የጤፍ ከረጢት አስቀምጣበታለች።