የእጅ ጂፒኤስ ወይስ የስልክ አፕ? ከጅማ ወደ ጫካ ለሚገባ ሰው

ከጅማ በቦንጋ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በለጠ ጫካ ውስጥ ናችሁ። አስፋልት ዳር ቆሞ አቅጣጫ የሚጠፋበት ሰው የለም። ትንሽ ወደ ውስጥ ገብታችሁ ጭጋግ ሲወርድ ግን ሌላ ነገር ነው። ዛፉ ረጅም ነው፤ ከሥሩ ቡና አለ፤ ፀሐይ አይታይም። አንዱ ሸለቆ ከሌላው አይለይም። አካባቢውን ተወልዶ ያደገበት ሰው መንገዱን በእግሩ ያውቀዋል። ሌላው ሰው መሣሪያ ያስፈልገዋል።

ይህ ንጽጽር ፈቃድ ይዞ ለአደን ለሚወጣ፣ አዳኝ ለሚመራ፣ ቀፎ የሰቀለበትን ዛፍ መልሶ ማግኘት ለሚፈልግና ለጥናት ጫካ ለሚገባ ተማሪ ነው። አደኑን በተመለከተ ቶሎ ብለን እንለፍ። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ያስጠይቃል። ፈቃድ ያለውም ቢሆን በተፈቀደለት ቦታ ብቻ ነው የሚያድነው። ስለዚህ ለአዳኝ ጂፒኤስ መመለሻ መንገድ ከማሳየት በላይ ሥራ አለው። «ወሰኑ ውስጥ ነኝ ወይስ ወጥቻለሁ?» ለሚለው መልስ የሚሰጠው እሱ ነው።

ካርታ ብላችሁ አትግዙ

ሰው መሣሪያ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ካርታው ጥሩ ነው?» ብሎ ነው። ለአሜሪካ አዳኝ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እዚያ ኦንኤክስ ሃንት የሚባል አፕ አለ። የእያንዳንዱን መሬት ባለቤትና የአደን ክልል ሁሉ ያሳያል። የተሠራው ለሰሜን አሜሪካ ስለሆነ ለጌራ ወይም ለሰቃ ምንም አይጠቅማችሁም። ዩቲዩብ ላይ አይታችሁት ልትከፍሉበት ከሆነ ተዉት።

በእኛ አካባቢ ነፃዎቹ አፖች ካርታቸውን የሚያመጡት ከአንድ ምንጭ ነው። እሱም በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ኦፕንስትሪትማፕ ነው። አስፋልቱ፣ ከተማው፣ ትልልቁ ወንዝ አለበት። ጫካው ውስጥ ያለው የእግር መንገድ ግን አብዛኛው የለበትም። የእጅ ጂፒኤስ ብትገዙም ችግሩ ያው ነው። ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጣ ጋርሚን (የታወቀ የእጅ ጂፒኤስ ሠሪ ነው)፣ ካርታ ያለው ዓይነት ከሆነ፣ የአሜሪካ ካርታ ይዞ ይመጣል። የኢትዮጵያውን ኮምፒውተር ላይ አውርዳችሁ ራሳችሁ ትጭናላችሁ። የምትጭኑትም ያንኑ ኦፕንስትሪትማፕ ነው።

እንግዲህ ለጅማ ጫካ ካርታውን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ስትገቡ የሄዳችሁበትን መንገድ የሚመዘግብ፣ ውኃውን፣ መሻገሪያውንና ቀፎውን በነጥብ የሚይዝ፣ ስትመለሱ በዚያው መስመር የሚመልስ መሣሪያ ነው የምትፈልጉት። ይህን ደግሞ ነፃ አፕም ይሠራዋል። ልዩነቱ ያለው ሥራውን ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ማድረሱ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በዚህ ዓይን እዩት።

በትክክለኛነት ማን ይበልጣል?

ጂፒኤስ ኔትወርክም ኢንተርኔትም አይፈልግም። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ስልኩ ቢያንስ ከአራቱ ምልክት ከተቀበለ ያለበትን ቦታ ያሰላል። ሲም ካርድ ባይኖረውም ይሠራል። ኢንተርኔት የሚጠቅመው መጀመሪያ ላይ ሳተላይቶቹን ቶሎ እንዲያገኝ ነው። ያለ ኢንተርኔት ከዜሮ የሚጀምር መሣሪያ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ጫካው ዳር፣ ሰማይ በሚታይበት ቦታ ላይ ክፈቱትና ቦታውን እስኪይዝ ጠብቁ። ከዛፍ ሥር ገብቶ መጀመር ከባድ ነው።

ሜዳ ላይ ተራ ስማርት ስልክ በ5 ሜትር ገደማ ልዩነት ቦታውን ይነግራችኋል። ጫካ ውስጥ ሁሉም ይዳከማል። እርጥብ ቅጠል ምልክቱን ያደክመዋል፤ ግንድና ገደል ደግሞ ያንፀባርቁታል። እዚህ ላይ ልዩነት የሚያመጣው መሣሪያው የሳተላይቱን ምልክት በሁለት ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) መቀበሉ ነው። ኤል 1 እና ኤል 5 ይባላሉ። ጋርሚን ጂፒኤስማፕ 65 እና 67 ሁለቱንም ይቀበላሉ። የዚያው የጋርሚን ኢትሬክስ 22ኤክስ አይቀበልም። ከስልኮች መሃል ግን የሚቀበሉ አሉ። ውድ ያልሆነ ስልክም ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ኪሳችሁ ያለው ስልክ ከኢትሬክስ 22ኤክስ የተሻለ ቦታ ሊናገር ይችላል። ለማወቅ ጂፒኤስቴስት የሚባለውን ነፃ አፕ ጫኑና ደጅ ወጥታችሁ እዩት። የተቀበለውን ድግግሞሽ ይዘረዝራል።

በእኔ እምነት ለትክክለኛነት ብቻ ብሎ የእጅ ጂፒኤስ መግዛት ብር ማባከን ነው። ወደ መንገድ ለመመለስ 10 ሜትር ወዲህ ወዲያ ማለት ችግር የለውም።

ባትሪና ዝናብ

ነገሩ የሚወሰነው እዚህ ነው።

ኢትሬክስ 22ኤክስ በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ እስከ 25 ሰዓት ይሠራል። ሲያልቅ ሁለት ድንጋይ ትቀይራላችሁ፤ አለቀ። መብራት የሌለበት መንደር ስታድሩ የዚህን ጥቅም ታውቁታላችሁ። ኢትሬክስ ኤስኢ የሚባለው ደግሞ ሠሪው እስከ 168 ሰዓት ይሠራል ይላል። ይህ ከሳምንት እኩል ነው። ድንጋይ ስትገዙ ግን ርካሹን ካርቦን አትግዙ። ዋጋው ያጓጓል፣ ዕድሜው ግን አጭር ነው። አልካላይን ግዙ። መሣሪያው ውስጥ የባትሪ ዓይነት የሚመረጥበት ቦታ አለ። እሱንም አስተካክሉ፤ አለበለዚያ የቀረውን ባትሪ በትክክል አያሳይም።

ስልክ ስክሪኑ ጠፍቶ መንገድ ብቻ እየመዘገበ ከሆነ የአንድ ቀን ጉዞ አይከብደውም። የሚገድለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ስክሪን አብርቶ መሄድ ነው። ሌላው ኔትወርክ ፍለጋ ነው። ኔትወርክ የሌለበት ሸለቆ ውስጥ ስልኩ ያለማቋረጥ ማማ ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳል። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ጂፒኤሱ አይጠፋም። ፓወር ባንክም ያዙ። 10,000 የሚል የተጻፈበት ፓወር ባንክ የ5,000 ባትሪ ያለውን ስልክ ሁለት ጊዜ ይሞላል ብላችሁ ግን አታስቡ። በመሃል የሚባክን ስላለ አንድ ጊዜ ሞልቶ ትንሽ ቢተርፍ ነው።

ዝናቡ ደግሞ አለ። በጅማ ዙሪያ ዝናብ ክረምትን ጠብቆ አይመጣም። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሊያገኛችሁ ይችላል። ስክሪኑ ላይ ጠብታ ሲያርፍ ስልኩ ጣት የነካው ይመስለዋል። ካርታው በራሱ ይዘላል፤ አንዳንዴ ምዝገባውን ራሱ ያቆመዋል። ፌስታል ውስጥ መክተት ከመበስበስ ያድነዋል። ፌስታሉ ላይ ውኃ ካለ ግን መንካት ያው ፈተና ነው። የእጅ ጂፒኤሶቹ በቁልፍ ይሠራሉ። እጃችሁ ጭቃ ይሁን፣ ጓንት አድርጉ፣ ይታዘዛሉ። አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እንዲቆዩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ቢወድቁም ስክሪናቸው እንደ ስልክ ቶሎ አይሰነጠቅም።

ስለዚህ ጠዋት ገብታችሁ ማታ ጅማ የምትመለሱ ከሆነ ስልክ ይበቃችኋል። ጫካ የምታድሩ፣ በዝናብ የምትሠሩ ወይም እንግዳ መርታችሁ የሰው ሕይወት ኃላፊነት የወሰዳችሁ ከሆነ የእጅ ጂፒኤስ ግዙ። ስልኩን ደግሞ መጠባበቂያ አድርጉት።

የትኛው አፕ?

ጉግል ማፕስ ከአዲስ አበባ ጅማ ለመንዳት ጥሩ ነው። ካርታውን ቀድማችሁ ብታወርዱትም ያለ ኢንተርኔት የእግር መንገድ አይመራም። መኪናው ውስጥ ይቅር።

ኦርጋኒክ ማፕስ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ነው። ነፃ ነው፤ ማስታወቂያ የለውም፤ አሮጌ ስልክ ላይም አይከብድም። የከፍታ መስመር፣ ማለትም የመሬቱን ከፍና ዝቅ፣ ያሳያል። የሄዳችሁበትን መንገድ መመዝገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2024 ስለሆነ አሮጌው ቅጂ ካላችሁ አሻሽሉት። የመዘገባችሁትን ፋይል በቴሌግራም ለጓደኛ መላክ ይቻላል። ለብዙ ሰው ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ኦስማንድ ብዙ ነገር ይችላል፤ ግን ያስቸግራል። ሜኑው ብዙ ነው። ለመልመድ አንድ ምሽት ቤት ቁጭ ብላችሁ መነካካት አለባችሁ። በነፃው ቅጂ የሚወርደው ካርታ በቁጥር የተገደበ ነው፤ ለኢትዮጵያ ግን ይተርፋል። የከፍታ መስመሩ ይከፈልበታል። ለአዳኝና ለመሪ የሚሻለው እሱ ነው የምለው በአንድ ምክንያት ነው። የተፈቀደውን ቦታ ወሰን በፋይል ካገኛችሁ ካርታው ላይ ትጭኑታላችሁ። ከዚያ መስመሩ የት እንዳለና እናንተ የት እንደቆማችሁ ይታያል።

አቬንዛ ማፕስ የራሳችሁ ካርታ ላላችሁ ነው። ለምሳሌ ከቢሮ የተሰጣችሁ፣ ቦታው የተስተካከለ (አፑ የቆማችሁበትን ላዩ ላይ ማሳየት የሚችል) ፒዲኤፍ ካለ። በነፃ ሦስት ካርታ ድረስ መጫን ይቻላል። ጋያ ጂፒኤስ ቆንጆ አፕ ነው። ካርታ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለመጠቀም ግን ክፍያ ይጠይቃል። እዚህ ለዚያ የሚያበቃ ጥቅም አላየሁበትም።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሻኦሚ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ብለው ከበስተጀርባ የሚሠራ አፕ ይዘጋሉ። ሦስት ሰዓት ሄዳችሁ ስልኩን ስትከፍቱ መስመሩ የመጀመሪያው አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ተቋርጦ ታገኙታላችሁ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ለዚያ አፕ የባትሪ ገደቡን አንሱለት። ከዚያ ከተማ ውስጥ ሞክሩት። ስክሪኑን አጥፍታችሁ ከመርካቶ ወደ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ውጡና መስመሩ ሳይቆረጥ መያዙን እዩ። ያልተሞከረ አፕ ይዞ ጫካ መግባት ዋጋ ያስከፍላል።

ሌላም አለ። ርካሽ ስልኮች አንዳንዶቹ የኮምፓስ ሴንሰር የላቸውም። ቆማችሁ ስትዞሩ ካርታው ላይ ያለው ቀስት አይዞርም። ስትሄዱ ብቻ ነው አቅጣጫ የሚያውቁት። ይህ የኢትሬክስ 22ኤክስም ጉድለት ነው፤ ኮምፓሱ ያለው በ32ኤክስ ላይ ነው። ትንሽ ተራ ኮምፓስ ኪስ ውስጥ ማስገባት ይህን ይፈታዋል።

ከእጅ ጂፒኤሶቹ የቱ?

ኢትሬክስ ኤስኢ ሲወጣ 150 ዶላር ገደማ ነበር። ካርታ የለውም። ነጥብና መስመር ብቻ ያሳያል። ከላይ እንዳልኩት የእኛ ጫካ ካርታ ባዶ ስለሆነ ይህ እንደሚመስለው ትልቅ ጉድለት አይደለም። ባትሪው ደግሞ ወደር የለውም። ለቀፎ ባለቤትና ለመሪ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። 22ኤክስ 200 ዶላር ነበር የወጣው፤ የቀለም ስክሪንና ካርታ አለው። ጂፒኤስማፕ 67 በጣም ጥሩ ነው፤ ሲወጣ የነበረው 500 ዶላር ግን ለቢሮ ካልሆነ ለግለሰብ ከባድ ነው። ብሩ በ2016 ሐምሌ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋው ስለሚለዋወጥ እዚህ አልጻፍኩትም።

በሳተላይት መልእክት የሚልኩት፣ እንደ ኢንሪች ሚኒ 2 ያሉት፣ ኔትወርክ በሌለበት እርዳታ ይጠራሉ። ወርሃዊ ክፍያ አላቸው። ከውጭ ከማስመጣታችሁ በፊት ጉምሩክንና የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ። የመገናኛ መሣሪያ ስለሆነ ኤርፖርት ላይ መያዝ አለ።

ቁጥር ስትለዋወጡ

ዩቲኤም ቦታን በሜትር ቁጥር የሚገልጽ፣ ዓለምን በዞን የሚከፍል አሠራር ነው። ጅማ በዩቲኤም ዞን 37 ውስጥ ናት። ከቦንጋ ወደ ሚዛን ስትሄዱ ዞኑ ወደ 36 ይቀየራል። ዞኑን ሳትናገሩ ቁጥሩን ብቻ በስልክ ካነበባችሁለት ሰውየው ሌላ ቦታ ይፈልጋችኋል። የድሮው 1:50,000 የወረቀት ካርታ ደግሞ አዲንዳን በሚባል መለኪያ የተሠራ ነው። ስልኩ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሳይስተካከል ከተቀላቀለ ከ100 ሜትር በላይ ያሳስታል። የወሰን ጉዳይ ላይ ይህ ቀላል አይደለም። የፈቃድ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር በየትኛው መለኪያ እንደተጻፈ ጠይቁ።

ያገለገለ ከሆነ

ከፕሮጀክትና ከቅየሳ ሥራ የወጡ አሮጌ ጋርሚኖች አንዳንዴ ለሽያጭ ይቀርባሉ። ይሠራሉ። ስትገዙ የባትሪ ቤቱን ክፈቱ፤ አረንጓዴ ዝገት ካለ ድንጋይ ፈስሶበታል። ዙሪያውን ያለው ላስቲክ ተሰንጥቆ ከሆነ ዝናብ ያስገባል። ሻጩ ሱቅ ውስጥ ሲያበራላችሁ አትቀበሉ። ደጅ ይዛችሁት ውጡና ቦታውን እስኪይዝ ጠብቁ። ቀኑንም እዩ። የጂፒኤስ የሳምንት ቆጠራ በመጋቢት 2011 ወደ ዜሮ ስለተመለሰ አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች ቀኑን 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ያሳያሉ። ቦታውን በትክክል ሊናገር ይችላል። የምትመዘግቡት መስመር ቀን ግን የተሳሳተ ይሆናል። ለመመለስ ብቻ ከሆነ ግድ የለም፤ ለሪፖርት ከሆነ አትግዙት። ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥሩ ምክንያት ነው።