የባሌት ልብስ፦ ሥዕል ይቀባበት ወይስ ጌጥ ይሰፋበት?

ሩሲያዊው የባሌት ልብስ ንድፍ አውጪ ሌዮን ባክስት ሁለቱንም ሞክሯል፤ ያውም ለአንድ ዳንሰኛ። በ1911 እ.ኤ.አ. ኒጂንስኪ «የጽጌረዳ መንፈስ» ላይ የለበሰው የሐር አበባ ቅጠሎች የተሰፉበት ነበር። በ1912 ለ«የፋውን ከሰዓት» (ፋውን ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል የሆነ የተረት ፍጡር ነው) ግን ገላው ላይ ልክክ ያለ ልብስ ተደረገለትና ቡናማ ነጠብጣብ ተቀባበት።

ክብደት፦ ቀለም በጣም ይቀላል። የተሰፋ ጌጥ ይከብዳል፣ ወንዱ ሴቷን ሲያነሳም ይጠላለፋል።

መለጠጥ፦ ቀለም የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። የሚሳብ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ከቀባችሁት ዳንሰኛዋ ለብሳ እግሯን ስትዘረጋ ይሰነጣጠቃል፣ ሥዕሉም ቅርጹን ያጣል፤ ስለዚህ ዳንሰኛዋ እንደለበሰችው ወይም በሰው ቁመና የተሠራ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ላይ ተወጥሮ ነው መቀባት ያለበት። አሰልቺ ነው፣ ግን አማራጭ የለውም። የተሰፋው ደግሞ ክሩ ይበጠሳል።

ላብና እጥበት፦ ብዙው የጨርቅ ቀለም ደርቆ በካውያ ካልተተኮሰ ይለቃል። ጌጡን ፈትቶ አጥቦ መመለስ ይቻላል፣ ጊዜ ካላችሁ።

ወጪ፦ ቀለም ይረክሳል። ካበላሻችሁ ግን ልብሱ ሄደ ማለት ነው። ስፌት ግን ተፈትቶ ይታረማል።

ከሩቅ ሲታይ፦ ስፌት ያሸንፋል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማቲስ በ1920 ለአንድ ባሌት የለቀስተኞችን ነጭ ልብስ በጥቁር ሰማያዊ ቬልቬት ቁራጮች ነበር ያስጌጠው፤ ቅርጹ ከኋላ ወንበርም ይለያል።

ዝላይ የሚበዛበት፣ ገላ ላይ የሚጣበቅ ልብስ ከሆነ ቀቡት። ካባ፣ ሰፊ ቀሚስ፣ ለዓመታት የሚለበስ ከሆነ ስፉት። እኔ ብሆን ጥላ የሚመስለውን ክፍል ቀብቼ ደረቱ ላይ ብቻ እሰፋለሁ።